ምዕራፍ ስድስት፦ ስንት ሰገድክ?

የስቅለት ዕለት ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተቃርቧል። ከጠዋት ጀምሮ ስሰግድ በመዋሌ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ነጠላዬ በላብ ርሶ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ቁጥሩን በመቁጠሪያ ይዣለሁ፤ ሦስት መቶን አልፌያለሁ። አጠገቤ የነበረው ወጣት ግን ገና በስድስት ሰዓት ደክሞት፣ ግንቡን ተደግፎ ተቀምጧል። ጎንበስ ስል አየዋለሁ፤ ቀና ስል አየዋለሁ። «የዘንድሮ ልጆች!» አልኩ በሆዴ። ከዚያን ቀን ስግደት ዛሬ ድረስ ያልረሳሁት ይህቺን ብቻ ነው።

አባቶች ለዚህ በሽታ ስም አውጥተውለታል፤ ውዳሴ ከንቱ ይሉታል። ከሌላው ኃጢአት የሚለየው ቀለቡ መልካም ሥራ መሆኑ ነው። ሰካራም በስካሩ ያፍራል፤ ጿሚ ግን በጾሙ ሊያብጥ ይችላል።

ሉቃስ በምዕራፍ 18 የጻፈውን የፈሪሳዊውንና የቀራጩን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ። ፈሪሳዊው እኮ ውሸታም አይደለም። የሙሴ ሕግ ለሕዝቡ ሁሉ የደነገገው ጾም በዓመት አንድ ቀን፣ የማስተስረያው ቀን ነው፤ እሱ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ይጾማል። ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣል። ዛሬ በየትኛውም ሰበካ ጉባኤ ቢመረጥ የሚቃወም አይገኝም። አጥባቂዎቹ አይሁድ የሚጾሙት ሰኞና ሐሙስ ነበር። የጥንት ክርስቲያኖች ከእነሱ ለመለየት ረቡዕንና ዓርብን ያዙ፤ ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መመሪያ ይህን ያዛል። እንግዲህ ቀኑ ተለወጠ እንጂ በሳምንት ሁለቴ መጾሙ እኛም ጋ አለ። ስብከት ላይ ይህ ታሪክ ሲነሳ ግን ሁላችንም ከቀራጩ ጎን ተሰልፈን እናዳምጣለን! «እንደዚያ ፈሪሳዊ ስላላደረግኸኝ ተመስገን» ያለ ሰው ፈሪሳዊውን በቃሉ ደገመው ማለት ነው።

ቀራጩ ለሮማውያን አገዛዝ የሚያገለግል፣ ከተተመነው በላይ በመሰብሰብ የሚታማ ሰው ነው። በሩቅ ቆመ፤ ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም፤ ደረቱን እየደቃ ምሕረት ለመነ። ሁለቱን ጸሎቶች አስተያይታችሁ አንብቧቸው። በፈሪሳዊው ጸሎት ውስጥ ቀራጩ አለ፤ በቀራጩ ጸሎት ውስጥ ፈሪሳዊው የለም። ፈሪሳዊውን የጣለው ጾሙ ሳይሆን እየጾመ ወደ ጎን ማየቱ ነው።

ታዲያ «ድካማችን ከንቱ ከሆነ ለምን እንደክማለን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከብሪታንያ የመጣው ፔላጊዮስ ሮም ውስጥ ሲያስተምር፣ ድካመ ሥጋን ሰበብ አድርጎ የሚዘናጋ ምእመን አይቶ ተቆጣ፤ ቁጣው የሚገባ ነበር። ነገር ግን ሰው በገዛ ፈቃዱና ጥረቱ ኃጢአት ሳይሠራ መኖር ይችላል ወደ ማለት ደረሰ። በ418 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) የካርታጎ ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት አንዱ የሆነው የ431ዱ የኤፌሶን ጉባኤም የደቀ መዝሙሩን የኬሌስጢዮስን ወገን አውግዟል። ሆኖም በገዳማቱ ስግደቱም ጾሙም አልቆመም። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ምዕራፍ 2 በአንዱ ቁጥር ስለ መዳናችሁ በፍርሃት ትጉ ይላል፤ በሚቀጥለው ቁጥር መፈለጉንም ማድረጉንም በእናንተ ውስጥ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ጳውሎስ የተጣሉም አልመሰለውም።

ትሕትናም ቢሆን ያታልላል። ሠርግ ቤት በር ሥር የሚቀመጡ ሰዎችን አይታችሁ ይሆናል። አስተናጋጁ «ኧረ ወደ ላይ ከፍ ይበሉ!» ሲላቸው «ግዴለም ልጄ፣ እዚሁ ይበቃኛል» ይላሉ፤ ሦስት ጊዜ ተለምነው ይነሣሉ። ማንም ሳይጠራቸው ምግቡ የቀረበ ቀን ግን ፊታቸውን ማየት ነው። «እኔ ኃጢአተኛው» ማለት የሚቀናንም እንዲሁ ነን፤ ሌላው ሰው «አዎ፣ ነህ» ያለን ለት ኩርፊያው አይጣል ነው።

ሰኔ 24 የሚታሰበው ሙሴ ጸሊም የጉልበት ሰው ነበር፤ ሽፍታ የነበረ፣ ኋላ በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም የመነኮሰ። አንድ ወንድም ጥፋት አጥፍቶ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ፤ እሱንም ጠሩት። ሙሴ የሚያፈስ ማድጋ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፣ ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ የሚል መልስ ሰጣቸው። ያን ወንድም ይቅር አሉት። ሙሴ ስንት ሌሊት ቆሞ እንዳደረ፣ ስንት እንደጾመ በዚያ ጉባኤ አላነሣም።

በዚያ ስቅለት ማምሻውን፣ ካህኑ በወይራ ቅርንጫፍ ምእመናኑን መታ መታ እያደረጉ የስግደት ቁጥር ሲሰጡ፣ ተራዬን ጠብቄ ቀረብኩ። ወጣቱ ከፊቴ ነበር። ጆሯቸው ሥር የሆነ ነገር ተናገረ፤ እንባው ይወርዳል። «አሥራ ሁለት» አሉት። እኔ ስቀርብ የመቁጠሪያዬ ጫፍ ከነጠላዬ ሥር ወጥቶ ይታያል። አባ እሱን አዩና «ሃምሳ» አሉኝ። መቁጠሪያውን ኪሴ ከትቼ ጎንበስ አልኩ፤ አንድ።