ከዜና የሚለቀም እንግሊዝኛ

ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን ከሰዋስው መጽሐፍ ተምረን ወደዚህ ደርሰናል። ግሱን በየጊዜው ማርባት አያቅተንም፤ የሰዋስው ፈተናም ሲመጣ አንፈራም። ሆኖም ማታ ራዲዮ ከፍተን የለንደኑን ዜና ስናዳምጥ፣ እያንዳንዱን ቃል እያወቅነው ነገሩ ያመልጠናል። ይህም የሚሆነው ዜና ተናጋሪው እንደ ማንኛውም ሰው በፈሊጥ ስለሚናገር ነው። አማርኛችንም ቢሆን ከዚህ አያንስም፤ «እጁን ሰጠ» ስንል ተማረከ ማለታችን ሲሆን፣ እንግሊዞች «ጊቭ ኤ ሃንድ» ሲሉ ግን ረዳ፣ አገዘ ማለታቸው ነው። የጦር ሜዳ ዜና የሚተረጉም ሰው እነዚህን ሁለቱን ቢያምታታ ምን ዓይነት ወሬ እንደሚወጣ አንባቢ ይገምት።

ስለዚህ ፈሊጥን ከዕለት ዜና ላይ መልቀም ደኅና ዘዴ ነው እንላለን፤ ዳሩ ግን አደጋም አለው። አደጋውን ከራሳችን እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በጁላይ 4 ቀን 2024 በብሪታንያ ምርጫ ተደርጎ የሌበር ፓርቲ ከ650 የፓርላማ ወንበሮች 411ዱን ባገኘ ጊዜ ዜናው ሁሉ «ላንድስላይድ» አለ። «ላንድ» መሬት፣ «ስላይድ» መንሸራተት ነው፤ በፈሊጥ ሲነገር ግን ተቃዋሚን ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ የምርጫ ድል ማለት ነው። (እግረ መንገዳችንን እንናገርና፣ ፓርቲው ከተሰጠው ድምፅ ያገኘው ከመቶ 34 ገደማ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የተንሸራተተው ወንበሩ እንጂ ሕዝቡ ሁሉ አልነበረም።) ከእኛ መካከል አንዱ ቃሉን ወዶት በደብተሩ ላይ «ላንድስላይድ፦ ታላቅ የምርጫ ድል» ብሎ ጻፈ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በዚያው ወር፣ ልብሱን እያጠበ በግማሽ ጆሮው ራዲዮ ሲሰማ «ላንድስላይድ» የሚል ቃልና የደቡብ ኢትዮጵያ ስም አንድ ላይ ሲጠሩ አደመጠ። ቀና ብሎም «ደግሞ የምን ምርጫ ተደረገ?» ሲል ጠየቀን። ማንም አልመለሰለትም፤ ዜናው ራሱ መለሰለት። በጎፋ ዞን በጁላይ 22 ቀን ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀው ነበር፤ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትንም ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ ደርሶ ዋጣቸው። ወንድማችን እጁ በሳሙና እንደ ተነከረ ቀረ። የዚያን ዕለት ማታ ደብተሩን አውጥቶ ከድሉ በላይ «የመሬት ናዳ» ብሎ ሲጽፍ አይተነዋል። ከዚያ ወዲህ የሁላችንም ደብተር እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ቃሉ ከመሬት የተነሣበት ፍቺ ይጻፋል፣ ፈሊጡ ከሥሩ ይከተላል።

ቃል በቃል መተርጎም ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ደግሞ ከታላላቆቹ መንግሥታት ታሪክ እንይ። በኖቬምበር 18 ቀን 1956 በሞስኮ በፖላንድ ኤምባሲ በተደረገ ግብዣ ላይ ኒኪታ ክሩሽቾቭ ለምዕራብ አገር አምባሳደሮች የተናገሩት «እንቀብራችኋለን» ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። አስተርጓሚው ቪክቶር ሱኮድሬቭ ያልተባለ አልጨመረም፤ ቃሉን እንዳለ ነው የመለሰው። አንባቢው ግን ዛቻ መሰለው፤ ዘመኑም የአቶሚክ ቦምብ ዘመን ነበር። የሩስኛው መንፈስ ከእናንተ በኋላ እንኖራለን፣ ቀብራችሁ ላይ እንገኛለን ወደሚለው ያደላል፤ ክሩሽቾቭም በ1963 በዩጎዝላቪያ ሲናገሩ፣ የሚቀብራችሁ የገዛ አገራችሁ ሠራተኛ ነው ለማለት እንደነበር አስረድተዋል። የኛ እናቶች ልጃቸውን ሲያቆላምጡ «ቅበረኝ» የሚሉት ከእኔ በኋላ ኑርልኝ ለማለት አይደለምን? ምናልባት አንዲት የጎጃም ባልቴት ብትጠየቅ ኖሮ ከጋዜጠኞቹ ይልቅ ለነገሩ ትቀርብ ነበር።

«ቦትልኔክ» የሚለውን ለመማር ደግሞ የጠጅ ብርሌ ማየት ይበቃል። የጠርሙስ አንገት ማለት ነው፤ ሰፊው ነገር በጠባቡ በኩል ለማለፍ ሲገደድ ወረፋው የሚከማችበትን ቦታ ያመለክታል። በማርች 23 ቀን 2021 «ኤቨር ጊቭን» የተባለችው 400 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ በስዊዝ ቦይ ዳርና ዳር አሸዋ ውስጥ ተሰክታ እስከ ማርች 29 ቀን መንገዱን ስትዘጋ፣ በመቶ የሚቆጠሩ መርከቦች ከኋላዋ ቆሙ። ያን ሳምንት ጋዜጣ ያነበበ ሰው «ቦትልኔክ»ን ከነሥዕሉ ተምሯል።

«ሌም ዳክ» አንካሳ ዳክዬ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በለንደን የአክሲዮን ገበያ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ነጋዴ ይህን ስም ይወጣለት ነበር፤ ዛሬ በአሜሪካ ዜና ተተኪው ተመርጦ ሳለ ወንበሩን ገና ያልለቀቀ ሹም ይባልበታል። ኸርበርት ሁቨር በኖቬምበር 1932 በምርጫ ተሸንፈው እስከ ማርች 4 ቀን 1933 ድረስ በሥልጣን ላይ ቆይተዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባንኮች በየቦታው ይዘጉ ነበር። በ1933 የጸደቀው 20ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ርክክቡን ወደ ጃንዋሪ 20 አምጥቶ የዳክዬዋን የማንከስ ዘመን አሳጠረው። «ዳርክ ሆርስ» ግን ከፈረስ እሽቅድምድም የመጣ ሲሆን ማንም ያልጠበቀው ተወዳዳሪ ነው፤ በዚህ ላይ አንቆይም።

ለማኅበራችን አባሎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው «ቴብል» የሚለው ግሥ ይመስለናል። በብሪታንያ አንድን ሐሳብ «ቴብል» ማድረግ ለውይይት ማቅረብ ነው፤ በአሜሪካ ግን ለጊዜው ይቆይ ብሎ ወደ ጎን ማድረግ ነው። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት ታሪክ፣ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት በዚህ ቃል የተነሣ ረጅምና መራራ ክርክር ከገጠሙ በኋላ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን እንደ ተረዱ ይነግሩናል። የኛንም ስብሰባ በእንግሊዝኛ የሚመራ ሰው ቢኖር፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የትኛውን «ቴብል» ማለቱ እንደሆነ ብንጠይቀው አያሳፍርም።

ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። ዜናውን አስቀድሞ በአማርኛ መስማት፣ ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ማንበብ ሥራውን ያቀላል፤ ነገሩ ከታወቀ ቃሉ ራሱ ይገለጣልና። አርእስት ስናነብ ደግሞ ጊዜው እንዳያሳስተን፤ ጋዜጠኞች ትናንት የሆነውን በአሁን ጊዜ ግሥ ይጽፉታል፣ ወደ ፊት የሚሆነውን «ቱ» በምትለው ቃል ብቻ ያመለክታሉ። «ራው» ተብሎ የሚነበበው ጭቅጭቅ፣ «ሮው» ተብሎ ሲነበብ ደግሞ ሰልፍ የሚሆነው ቃል በጽሕፈት አንድ ስለሆነ፣ ጆሮም ከዓይን እኩል መሥራት አለበት።

ለሚመጣው እትም «ሬድ ቴፕ»፣ «ስናፕ ኢሌክሽን» እና «ዋይት ኤለፋንት» የሚሉትን ሦስቱን ሰጥተናል። አንባቢዎቻችን እያንዳንዱን በዚህ ሳምንት ከሰሙት ዜና ጋር አያይዘው፣ መጀመሪያ የመሬቱን ፍቺ ቀጥሎም ፈሊጡን ጽፈው፣ የሚመስል የአማርኛ ፈሊጥ ካገኙም ጨምረው፣ በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ እንዲከቱልን እንለምናለን።