የፊት ቆዳን በቀዶ ሕክምና ማስወጠር ይፈቀዳል?



ጥያቄ፦ በዕድሜ የተሸበሸበ ፊትን በቀዶ ሕክምና ማስወጠርስ?

መልስ፦ ወጣት ለመምሰል ብቻ ከሆነ አይፈቀድም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ2007 እ.ኤ.አ. ማሌዥያ ላይ ይህንኑ ወስኗል፤ በሕመም የመጣውን መሸብሸብ ግን ጉዳት እስካላስከተለ ድረስ ማከም ይቻላል ብሏል።

ጥያቄ፦ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ያለች፣ በልጅነቷ እሳት ፊቷን ያቃጠላት እህትስ?

መልስ፦ ትታከም፤ ይህ ጉዳትን ማስተካከል ነው። ሶሐባው ዐርፈጃ (ረ.ዐ) በጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ የብር አፍንጫ አደረገ። ብሩ ሲሸትበት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ እንዲያደርግ አዘዙት፤ ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ! አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ጠባሳን የሚያክሙ ሐኪሞች አሉ።

ስለዚህ ጠባሳዋን ልትታከም የተነሳችን እህት «የአላህን ፍጥረት ልትለውጪ ነው» ብለን አናሸማቃት። ወላሁ አዕለም።