ቱርቦውን ከማስወረድህ በፊት

ልጄ፣ አሮጌዋ ላንድክሩዘር አቀበት ላይ ጉልበት ስላጣች ቱርቦ ልትገዛላት መነሳትህን ሰማሁ። ገንዘብህን ያዝ፤ መጀመሪያ እነዚህን አጣራ።

1. ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልተራመደች ችግሩ የፍሪሲዮን ነው፤ ሌላ አትፈልግ።

2. ጭሷን እይ። አቀበት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ከኋላ የሚከተልህ ሰው ይመልከትልህ። ጥቁር ጭስ ከለቀቀች አየር አንሷታል። ያለ ጭስ ከደከመች ነዳጅ አንሷታል።

3. አየር ካነሳት ከአየር ፊልትሮው ጀምር። እሱ ንጹሕ ከሆነ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ከስሩ ጭምር ዳብስ። ያረጀ ጎማ የሚሰነጠቀው ዓይን በማያየው በኩል ነው፤ በሚኒሞ ጊዜ ገጥሞ ይቆይና ጫና ሲመጣ ይከፈታል። ቱቦው ውስጥ ስስ ዘይት ብታይ አትደንግጥ። መገጣጠሚያው ከውጭ በዘይት ከራሰ ግን አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ቀዳዳ እዚህ ይበልጥ ይጎዳል።

4. ነዳጅ ካነሳት የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይር፤ ከስሩ የተጠራቀመውንም ውሃ አፍስስ። ከዚያ ፖምፓው አናት ላይ የምትገባውን ቀጭን ቱቦ ፈልግ። ባንተ መኪና ላይ ያለው 1ኤችዲ-ቲ ሞተር የቱርቦውን ግፊት ለፖምፓው የሚነግረው በእሷ ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር ፖምፓውም ናፍጣ ይጨምራል። እሷ ከተቀደደች ቱርቦው ደህና ሆኖ ሳለ መኪናዋ ቱርቦ እንደሌላት ትሆናለች፤ ጭስም አታሳይም። ይህችን ትንሽ ቱቦ ሳያይ ቱርቦ የሚያስወርድ መካኒክ በእውነት ያናድደኛል።

5. ቱርቦውን መጨረሻ ላይ እይ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚገባውን ቱቦ ፈትተህ ክንፎቹን በጣትህ አዙር። ጥቂት ወደ ጎን መነቃነቅ ያለ ነው። ክንፉ ቤቱን ከነካ ወይም ዘንጉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ አልቋል። ያኔም ለምን እንዳለቀ ጠይቅ። ያ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሲሽከረከር የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው፤ ዘይት የሚያደርሰው ቧንቧ ከተደፈነ አዲሱም ቱርቦ አይቆይም።

6. ያ የዘይት ቧንቧ እንዳይደፈን፣ ከዓባይ በረሃ ወጥተህ ደጀን ስትደርስ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ። አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ አቆያት፤ ዘይቷንም ሳታሳልፍ በጊዜው ቀይርላት።