የሚጥል በሽታ ስለ አንጎል ያስተማረን ትምህርት



ቋንቋችን የማሰብን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ለልብ ሰጥቷል። አስተዋዩን ልበ ብርሃን፣ ዝንጉውን ልበ ቢስ እንለዋለን፤ እንዲያስተውል የምንፈልገውንም «ልብ በል» እንለዋለን። በቅዱሳት መጻሕፍትም ዘንድ የሚያስበው፣ የሚያቅደውና የሚጸጸተው ልብ ነው። ከግሪክ ፈላስፎች መካከል ታላቁ አርስጣጣሊስ ሳይቀር የሐሳብ መንበር ልብ እንደ ሆነ፣ አንጎል ግን የደምን ሙቀት ከማብረድ የማያልፍ አገልግሎት እንዳለው አስተምሯል። ይሁን እንጂ ይኸው ቋንቋችን አንድ ሰው ወድቆ የሚሆነውን ሳያውቅ ሲቀር «ራሱን ሳተ» ይላል። ራስ ማለት ጭንቅላት ነው፤ ራስ ማለት ደግሞ የሰውዬው ማንነት ነው። ይህን አነጋገር ያወረሱን አባቶች የሕክምና ትምህርት ባይኖራቸውም ያዩትን በትክክል የተናገሩ ይመስለኛል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ አንጎል ጠባያችንን፣ ስሜታችንንና ትዝታችንን እንዴት እንደሚመራ ዛሬ ከሚታወቀው ውስጥ እጅግ ብዙው የተገኘው ከሚጥል በሽታ ሕሙማን መሆኑን ነው። ሰው የሚሸሻቸው፣ ማዕድ የሚለይባቸው፣ ለጋብቻ የማይጠየቁ እነዚህ ወገኖች ለዓለም ሊቃውንት አስተማሪዎች ሆነዋል። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ፣ በሐኪሙ በሂጶክራጥስ ስም ከሚጠሩት ጽሑፎች አንዱ ስለዚሁ በሽታ ተጽፎ ነበር። በዚያ ዘመን በሽታው «ቅዱስ በሽታ» ይባል ነበር፤ አማልክት በሰው ላይ የሚያወርዱት መቅሠፍት ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። የጽሑፉ ደራሲ ግን ይህ በሽታ ከሌሎቹ በሽታዎች የበለጠ ቅድስና የለውም፣ ምክንያቱም በአንጎል ውስጥ ነው በማለት ተከራከረ። ከዚህም አልፎ ደስታና ሐዘን፣ ማየትና መስማት፣ ክፉንና ደጉን መለየት ሁሉ በአንጎል በኩል እንደሚሆን ጻፈ። ቃሉን የሰሙት ጥቂቶች ነበሩ።

የአዋቂ ሰው አንጎል ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። በውስጡ ግን ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ እነርሱም እጅግ ረቂቅ በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክትና በልዩ ልዩ ቅመሞች አማካይነት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ይህን በገበያ መመሰል ይቻላል። በገበያ ቀን እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ካለው ጋር ይነጋገራል፣ ይከራከራል፣ ይስማማል፤ ከሩቅ ለሚሰማው ጫጫታ ቢመስልም ሥራው በሥርዓት ይካሄዳል። ገበያተኛው ሁሉ ግን በአንድ ቅጽበት አንዲቱን ቃል እየደጋገመ ቢጮኽ መሸጥም መግዛትም ይቆማል። የሚጥል በሽታ ሲነሣ በአንጎል ውስጥ የሚሆነው ይህን የመሰለ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ ለመመዝገብ ከቻለ በኋላ ይህ ጩኸት በወረቀት ላይ የሚታይ ሆኗል።

ጩኸቱ ሁልጊዜ መላውን አንጎል አይዝም። በአንድ ሥፍራ ብቻ ሲነሣ ሕመምተኛው ላይ የሚታየው ነገር እንደ ሥፍራው ይለያያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው ምዕተ ዓመት እንዳስተዋለው፣ በአንዳንዶቹ መንቀጥቀጡ ከአውራ ጣት ተነሥቶ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ክንድና ወደ ፊት ይጓዛል። ከዚህም በመነሣት እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል የአካላችንን ብልቶች በተርታ የያዘ መሆን አለበት አለ፤ በ1870 በጀርመን አገር በእንስሳት ላይ የተደረገ ምርመራም አንጎል እንቅስቃሴን የሚያዝበት የተለየ ሥፍራ እንዳለው አረጋገጠ። ሕመሙ በጆሮ ግንድ በኩል ካለው የአንጎል ክፍል ሲነሣ ግን መውደቅ ላይኖር ይችላል። ሕመምተኛው ያለ ምክንያት ድንገተኛ ፍርሃት ይወርረዋል፣ የሌለ ነገር ይሸተዋል፣ ወይም ፈጽሞ አይቶት የማያውቀው ቦታ ከዚህ በፊት የኖረበት ሆኖ ይታየዋል። ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ልብሱን እየነካካ፣ ከንፈሩን እያላመጠ ይቆያል፤ ሲጠሩት አይመልስም። ይህን የሚያይ ሰው ንቀት ወይም እብደት ይለዋል። የሩስያው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ የዚህ በሽታ ሕመምተኛ ስለነበረ፣ ከመውደቁ በፊት ለቅጽበት የሚሰማውን ልዩ የደስታ ስሜት «ጅሉ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ ለዋናው ባለ ታሪክ ሰጥቶታል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የምደነቅበት የዊልደር ፔንፊልድ ሥራ ነው። ይህ ቀዶ ሐኪም በ1934 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ የነርቭ ሕክምና ተቋም መሠረተ። አንጎል ራሱ ሲነካ ሕመም የማይሰማው አካል በመሆኑ፣ የጭንቅላቱን ቆዳ ብቻ በማደንዘዝ፣ ሕመምተኛው እየሰማና እየተናገረ አንጎሉን መመርመር ይቻላል። ፔንፊልድ የሕመሙን ምንጭ ቆርጦ ከማውጣቱ በፊት የንግግር ወይም የእንቅስቃሴ ሥፍራ እንዳይጎዳ በመጠንቀቅ፣ አንጎሉን በጥቂት ኤሌክትሪክ እየነካ ምን እንደ ተሰማው ሕመምተኛውን ይጠይቅ ነበር። እንዲህ እያለ የአካልን ካርታ ሠራ፤ በካርታውም ላይ ከንፈርና ጣት ከጀርባ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይዘው ተገኙ። በጆሮ ግንድ በኩል ሲነካቸው ደግሞ ጥቂቶቹ በክፍሉ ውስጥ የማይሰማ ዜማ ሰሙ፤ ሌሎችም በሩቅ ያሉ ዘመዶቻቸውን ድምፅ ሰሙ። የአንዱን እጅ በኤሌክትሪክ ባንቀሳቀሰ ጊዜ ግን ሕመምተኛው ያንቀሳቀስኸው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም ይለው ነበር።

ፔንፊልድ ከዚህ ተነሥቶ፣ ሰውን እንዲያምን ወይም እንዲወስን የሚያደርግ ሥፍራ በአንጎል ገጽ ላይ አላገኘሁም አለ። በ1975 ባሳተመው መጽሐፉም የሰው አእምሮ በአንጎል ሥራ ብቻ ሊገለጥ እንደማይችል ያለውን አስተያየት ጻፈ። ብዙ የሃይማኖት ሰዎች ይህን ቃል ለነፍስ መኖር ማስረጃ አድርገው ሲጠቅሱት እሰማለሁ። እኔ ግን እንዲህ ያለው ማስረጃ አያስፈልገንም እላለሁ። በ2009 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአንጎል የላይኛው የኋላ ክፍል አንዱን ሥፍራ በኤሌክትሪክ ሲነኩ፣ ሕሙማኑ እጃቸውን ወይም ከንፈራቸውን ለማንቀሳቀስ ፍላጎት እንደ ተሰማቸው ተናግረዋል፤ ኃይሉ ሲጨመርም ምንም ሳይንቀሳቀሱ የተንቀሳቀሱ መስሏቸዋል። እምነቱን ሊቃውንት ገና ባልደረሱበት ክፍተት ላይ የሚሠራ ሰው ቤቱን በአሸዋ ላይ ሠርቷል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ያስተማረው፣ በ1311 እና በ1312 የተካሄደው የቪየን ጉባኤም ያጸናው፣ ነፍስ በሥጋ ውስጥ እንደ እንግዳ የምታድር ሳትሆን ሥጋን ሕያው የምታደርግ ቅርጹ መሆኗን ነው። ስለዚህ ሰው ለማሰብ አንጎል ያስፈልገዋል መባሉ ለእኛ አዲስ ነገር ወይም ስድብ ሊሆን አይገባም።

ወደ ትዝታ እንለፍ። በ1953 ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ፣ ከማይበርድለት መንቀጥቀጥ ይድን ዘንድ በሁለቱም ጆሮ ግንዶቹ በኩል የአንጎሉ የውስጥ ክፍል ተቆርጦ ወጣለት። ሕመሙ ቀነሰለት፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ነገር ግን ማስታወስ አልቻለም። ለዓመታት የመረመረችውን ብሬንዳ ሚልነርን በተገናኙ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ይቀበላት ነበር። ሆኖም በመስተዋት እያየ ኮከብ መሣል ባለማመደችው ጊዜ፣ ከዚህ በፊት መሣሉን ፈጽሞ ባያስታውስም እጁ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ። ከዚህ የተነሣ የነገር ትዝታና የእጅ ልምድ በአንጎል ውስጥ ልዩ ልዩ ሥፍራ እንዳላቸው ታወቀ። ሞሌሰን በ2008 እስከሚሞት ድረስ ለምርመራ ራሱን ሳይሰስት ሰጥቷል። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለት ሐኪምም ውጤቱን ሳይሸሽግ አሳትሞ፣ ሌሎች እንዳይደግሙት አስጠንቅቋል።

በ1960ዎቹ ደግሞ በሎስ አንጀለስ የነበሩ ሐኪሞች፣ ሕመሙ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ በማለት የቀኝና የግራ አንጎልን የሚያገናኘውን የነርቭ ድልድይ ቆረጡ። ሕሙማኑ ሲታዩ እንደ ቀድሞው ነበሩ። ሮጀር ስፔሪና ተማሪው ማይክል ጋዛኒጋ በጥንቃቄ ሲመረምሯቸው ግን ሁለቱ ወገኖች አንዱ ያየውን ሌላው እንደማያውቅ አገኙ፤ ስፔሪም ለዚህ ሥራ በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጋዛኒጋ በኋላ ለአንዱ ሕመምተኛ መናገር ለሚችለው ለግራ አንጎሉ የዶሮ እግር፣ ለማይናገረው ለቀኝ አንጎሉ በበረዶ የተሸፈነ ቤት ሥዕል አሳየው። ከፊቱ ከተዘረጉት ሥዕሎች የሚስማማውን እንዲመርጥ ሲታዘዝ ቀኝ እጁ ዶሮን፣ ግራ እጁ አካፋን መረጠ። አካፋውን ለምን መረጥህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ተናጋሪው ወገን በረዶውን ፈጽሞ አላየም ነበርና፣ የዶሮ ቤት ለመጥረግ አካፋ ያስፈልጋል ብሎ ወዲያው መለሰ። ሰውየው አልዋሸም። አንጎሉ ምክንያቱን ባያውቀውም በእጁ ካለው ነገር ምክንያት ሠርቶ አቀረበለት፤ እርሱም አመነው።

ይህ በሕሙማን ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ለመቆጣታችን፣ ለመጥላታችን፣ ለመፍራታችን የምንሰጠው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከድርጊቱ በኋላ የተሠራ ነው፤ የሰዎችን ችግር ለረጅም ዓመታት ያዳመጠ ካህን ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። በመንገድ ላይ ወድቆ የሚንፈራገጥ ሰው የሚያይ ጤነኛም እንዲሁ ያደርጋል። ዓይኑ ያየው የሚያስፈራ ነገር ምክንያት ይሻል፤ አንጎሉም በቅርብ ያገኘውን ያቀርብለታል፦ ቡዳ ነው፣ ጋኔን ነው፣ የወላጅ እርግማን ነው።

አንዳንድ ምእመናን በዚህ ጊዜ በወንጌል የተጻፈውን፣ በእሳትና በውኃ የሚወድቀውን ልጅ ያነሡብኛል። ጌታችን ያን ልጅ መፈወሱን እናምናለን፤ ነገር ግን ከዚያ ተነሥቶ የሚወድቅ ሁሉ ጋኔን አለበት ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። በ1614 የወጣው የሮማ የጸሎት ሥርዓት መጽሐፍ ካህኑ በቀላሉ አንድን ሰው ጋኔን ይዞታል ብሎ እንዳያምን ያዝዛል። በ1992 የታተመው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 1673 በሽታ ሌላ ጉዳይ መሆኑን፣ የእርሱም ሕክምና የሐኪሞች ሥራ መሆኑን ይገልጻል።

በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በሚበልጡ የገጠር ነዋሪዎች መካከል ያደረጉትና በ1990 የታተመው ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። እንግዲህ በአንድ ሰፊ ቁምስና ውስጥ በርካታ ቤተሰቦች አሉ ማለት ነው። በማጅራት ገትር፣ በአስቸጋሪ ወሊድ፣ በጭንቅላት ላይ በደረሰ አደጋ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ የብዙዎቹ ምክንያት ግን አይታወቅም። በመነካካትም ሆነ በአረፋው አይተላለፍም። ሰው ይህን ባለማወቁ ግን የወደቀችውን እናት ከምድጃው ለማውጣት ይፈራል፤ እሳት የነካው ሕመምተኛ ከእንግዲህ አይድንም የሚል አጉል እምነትም ስላለ፣ ከቃጠሎው በኋላ ወደ ሐኪም መውሰዱ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ። ከ1912 ጀምሮ የሚታወቀው ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ ነው።

ሰው ሲወድቅ ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲበርድ ወደ ጎኑ ማስተኛት በቂ ነው። በአፉ ውስጥ ማንኪያ ወይም እንጨት መክተት ጥርስ ይሰብራል፤ የክብሪት ጭስ ማሽተትም ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ጭስ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ስለ ጾም ወይም ስለ ጠበል ብሎ በድንገት ቢያቋርጥ፣ ያለ ፋታ የሚደጋገምና ለሞት የሚያደርስ መንቀጥቀጥ ሊነሣበት ይችላል። መድኃኒት መዋጥ ጾም አያፈርስም።

በተለይ ለትምህርት ቤት መምህራንና ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች አንድ ነገር ላሳስብ። ከሚጥል በሽታ ዓይነቶች አንዱ ልጁን አይጥለውም። ልጁ ንግግሩን ወይም ጽሕፈቱን አቋርጦ ለጥቂት ሴኮንድ ፈዝዞ ይቀራል፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይቀጥላል፤ ይህም በቀን ብዙ ጊዜ ሊደርስበት ይችላል። እንዲህ ያሉ ልጆች ልባቸው ሌላ ቦታ ነው እየተባሉ ይቀጣሉ። ይህን ያስተዋለ መምህር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደርስበትና ምን ያህል እንደሚቆይ በወረቀት ጽፎ ለወላጆቹ ቢሰጥ፣ ልጁን ለሚመረምረው ሐኪም ታላቅ እርዳታ ነው።