ማግኔት ያልሆነው ዚንክ ማግኔትን የሚያጠነክርበት መንገድ

የማግኔታይት ጉልበት ምንጭ

ማግኔታይት ከብረትና ከኦክስጅን የተሠራ ጥቁር ማዕድን ነው። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ የብረት አዮን (ኤሌክትሮን በማጣቱ ፖዘቲቭ ቻርጅ የያዘ አቶም) ጥንድ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች ስላሉት ራሱ ደቃቅ ማግኔት ነው።

አዮኖቹ የሚቀመጡት ግን በአንድ ዓይነት ቦታ አይደለም። ከ3 የብረት አዮኖች አንዱ በ4 ኦክስጅኖች፣ የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው በ6 ኦክስጅኖች ይከበባሉ፤ የሁለቱ ወገኖች አቅጣጫም ተቃራኒ ነው። በቦር ማግኔቶን (የአቶምን የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ሲሰላ አንዱ ወገን 5፣ ሌላው 9 ይይዛል። ከውጭ የሚታየው ልዩነቱ፣ ማለትም 4 ብቻ ነው። ይህን ባሕርይ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊ ኔል በ1948 እ.ኤ.አ. አብራርቶ ፌሪማግኔቲዝም ብሎታል።

ዚንክ ሲገባ የሚመጣው ለውጥ

በኦክሳይድ (በኦክስጅን ውህድ) ውስጥ የአንዱን ብረት አስተኔ አዮኖች በከፊል በሌላ መተካት ዶፒንግ ይባላል። የዚንክ አዮን ኤሌክትሮኖች ሁሉም ጥንድ ስለሆኑ የማግኔት ጉልበት የለውም። ስለዚህ ማግኔታይትን ያዳክማል ተብሎ ቢጠበቅ አያስገርምም፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ምክንያቱ ዚንክ የሚመርጠው ቦታ ነው። ዚንክ በ4 ኦክስጅኖች የተከበበውን ቦታ ይይዛል፤ ይህም በገመድ ጉተታ ከደካማው ቡድን ሰው እንደማስወጣት ነው። ከ10 እንዲህ ያሉ ቦታዎች 4ቱን ዚንክ ቢይዝ የደካማው ወገን ጉልበት ከ5 ወደ 3 ይወርዳል። ብርቱው ወገን ደግሞ ወደ 9.4 ከፍ ይላል፤ ዚንክ ባለ 2 ቻርጅ በመሆኑ፣ ጠቅላላው ቻርጅ እንዲመጣጠን አንዳንድ ባለ 2 ቻርጅ የብረት አዮኖች ባለ 3 ይሆናሉ፤ በዚህም እያንዳንዳቸው አንድ ተጨማሪ ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ያገኛሉ። ልዩነቱ በስሌት 6.4 ይደርሳል።

ጭማሪው ወሰን አለው። የብርቱው ወገን አዮኖች በአንድ አቅጣጫ የሚቆሙት ተቃራኒው ወገን አጥብቆ ስለሚይዛቸው ነው። ዚንክ ግማሽ ገደማ ሲደርስ ይህ መያዣ ይላላና እርስ በርስ መቃረን ይጀምራሉ።

የቅንጣቱ መጠን ወሳኝ የሚሆንበት ምክንያት

ባሕርዩን የሚወስነው ዚንኩ ብቻ ሳይሆን የማግኔታይቱ ቅንጣት መጠንም ነው። ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። 10 ናኖ ሜትር ገደማ በሆነ ቅንጣት ውስጥ የክፍል ሙቀት ብቻውን የማግኔቱን አቅጣጫ ደጋግሞ ይገለብጣል። በዚህ የተነሳ የውጭ ማግኔት ሲርቅ የቅንጣቶቹ መሳሳብ ይዳከማል፤ ሲቀርብ ግን በብርቱ ይሰለፋሉ። ሱፐርፓራማግኔቲዝም የሚባለው ይህ ባሕርይ ለኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ለሚያሳየው የሕክምና መሣሪያ) ምስል ንጽጽር ማጉሊያነት ተፈላጊ አድርጓቸዋል።

በቅንጣቱ ገጽ ላይ ያሉ አዮኖች ጎረቤት ስለሚጎድላቸው አቅጣጫቸው ይዛባል፤ የተወሰነ ዚንክም 6 ኦክስጅን ወዳለበት ቦታ ይገባል። የሚለካው ጉልበት ከስሌቱ የሚያንሰው በዚህ ነው። በመሆኑም የዚንኩን መጠን ብቻ መግለጽ አይበቃም፤ ቅንጣቱ በምን ዘዴና በምን ሙቀት እንደተሠራ አብሮ መታወቅ አለበት።