የሥራ ኃላፊው ጠባይና ውሳኔ አሰጣጡ፦ ከዋጃ ሜዳ የሚገኝ ትምህርት

የአንድ የሥራ ኃላፊ ውሳኔ አሰጣጥ ከተማረው ትምህርት ብቻ ሳይሆን ከግል ጠባዩም እንደሚመነጭ የታወቀ ነው። አንዱ ሁሉን ብቻውን ቆርጦ ያዛል፤ ሌላው መረጃው አልተሟላም እያለ ጉዳዩን ያሳድራል፤ ሦስተኛው ኃላፊነቱን ወደ ኮሚቴ ይገፋል፤ አራተኛው አማክሮ ይወስናል። ቭሩምና ዬተን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ለጉዳይ ሁሉ የሚስማማ አንድ መንገድ የለም። ኃላፊው መረጃው በማን እጅ እንዳለና ውሳኔው ያለባለጉዳዮቹ ፈቃድ ሊፈጸም ይችል እንደሆነ አስቀድሞ መመርመር አለበት።

ለዚህ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዋጃ ጥሩ ምሳሌ ናት። በራያ ቆላ ማሽላው የሚበቅለው በሜዳው ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከምዕራቡ ተራራ በሚወርደው ጎርፍ ጭምር ነው። ጎርፍ በሌሊት ሲደርስ ስብሰባ ለመጥራት ጊዜ የለም፤ ውሃውን ወደ ማሳ ለመቀልበስ ፈጣን ትእዛዝ ያስፈልጋል። ትእዛዙ የሚከበረው ግን የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚጠጣና ቦዩን ማን እንደሚጠርግ በበጋው ወራት ስምምነት ከተደረገበት ነው።

የእርዳታ ሥራም እንዲሁ ነው። እህል በመጋዘን ተቀምጦ ፊርማ ሲጠብቅ የሚራበው ሕዝብ ስለሆነ፣ በዕደላ ጊዜ የሚያመነታ ኃላፊ ጉዳቱ ከባድ ነው። በአንጻሩ ሠፈራ የችኮላ ትእዛዝ አይወድም። ከኅዳር 1977 እስከ ጥር 1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋና ሌሎች ቦታዎች ተጓጓዘ። ኮታ ከላይ ይወርድ ስለነበር ቁጥር ለመሙላት ያለፈቃዱ የተጫነ ገበሬ ነበር፤ ቤተሰብ ተለያየ፤ ብዙ ሰው በበሽታ አለቀ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ብዙዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሠፈራ በፈቃደኝነት፣ በገዛ ክልል ውስጥና የቀድሞ መሬትን ለሦስት ዓመት በማቆየት መርሕ ላይ መመሥረቱ ከዚያ ስሕተት የተገኘ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ኃላፊ ከመፈረሙ በፊት ራሱን ይጠይቅ፦ ጉዳዩ ቢዘገይ የሚጎዳው ማነው? በውሳኔው የሚኖርበትስ ማነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ፍጥነትን፣ ሁለተኛው ምክክርን ይጠይቃል። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ኃላፊ ቅን ቢሆንም እንኳ ጠባዩ በሕዝብ ላይ ዕዳ ይሆናል።