ስለ ትንሹ የእጅ ራውተር አመራረጥ፤ ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የሚጠቅም ትምህርት

የመሣሪያ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ዓቢይ ነገር አለ። ጨርቅ ገዝቶ ቀለሙ የለቀቀበት ሰው ያዝናል እንጂ አካሉ አይጎዳም፤ ለሥራው የማይስማማ መሣሪያ የገዛ አናጢ ግን ገንዘቡንና የሥራ ቀኑን፣ አንዳንድ ጊዜም ጣቱን ያጣል። ስለዚህ መሣሪያ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ጭምር ማወቅ ይገባዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ተረት ለዚህ ንግድ ተለይቶ የተነገረ ይመስላል።

በዛሬው ጊዜ በእንጨት ሥራ ቤቶች ከሚፈለጉት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አንዱ በአንድ እጅ ሊያዝ የሚችለው ትንሹ ራውተር ነው። ይህ መሣሪያ በጫፉ የተሰካውን ስለታም ፑንታ በከፍተኛ ፍጥነት እያዞረ የእንጨትን ጠርዝ ያስተካክላል፣ ያለዝባል፣ ቅርጽ ያወጣል፤ ለበር ማጠፊያና ለቁልፍ የሚሆን ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በጣውላ ላይ ቦይ ያወጣል። ትንሹ ዓይነት በመጀመሪያ የተሠራው በጠረጴዛና በቁም ሣጥን ላይ የሚለጠፈውን ፎርማይካ ከጠርዙ ለመከርከም ስለ ነበር ትሪመር እየተባለም ይጠራል። ትልቁ ራውተር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ትንሹ ከ1 ኪሎ ግራም ተኩል እስከ 2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ማሳሰቢያ ማቅረብ ያስፈልጋል። ራውተር የሚለው ቃል ለኢንተርኔት መገናኛ ዕቃም ስለሚያገለግል፣ በትእዛዝ ደብዳቤና በዕቃ ዝርዝር ላይ «የእንጨት ሥራ የእጅ ራውተር» ተብሎ በሙሉ መጻፍ አለበት። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ የኤሌክትሪክ ሞተር ያላቸው የእጅ መሣሪያዎች በቁጥር 8467 ሥር ሲሆኑ፣ ከመሰርሰሪያና ከመጋዝ በቀር ያሉት በ8467.29 ይመደባሉ፤ የኢንተርኔቱ ዕቃ ግን በ8517 ሥር ነው። በአንድ ቃል ጉድለት የተነሣ ዕቃው በማይገባው ምድብ ተመዝግቦ በመጋዘን ቢቆይ፣ ለየቀኑ የሚከፈለው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል።

እንግዲህ ዕቃውን ከማዘዝ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች ከዚህ በታች በየተራ ተገልጸዋል።

አንደኛ፤ ኃይሉ። የሞተር ኃይል በአንዳንድ አገር በዋት፣ በአንዳንድ አገር በፈረስ ጉልበት ይነገራል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነው። ይሁን እንጂ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ሁሉ እንደ ተጻፈ መታመን የለበትም። ለምሳሌ በ120 ቮልት 7 አምፔር የሚወስድ አንድ መሣሪያ «አንድ ፈረስ ጉልበት ከሩብ» ተብሎ ቢቀርብ ሒሳቡን መሥራት ቀላል ነው። 120 በ7 ሲባዛ 840 ዋት ይሆናል፤ አንድ ፈረስ ጉልበት ከሩብ ግን 932 ዋት ያህል ነው። ወደ ሞተሩ ከሚገባው ኃይል ከሞተሩ የሚወጣው ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ያ ቁጥር ሞተሩ ለአፍታ የሚያሳየውን ጉልበት የሚገልጽ እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት አይደለም። አስተዋይ ነጋዴ ሁለት መሣሪያዎችን ሲያነጻጽር የፈረስ ጉልበቱን ትቶ በመሣሪያው አካል ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የሰፈሩትን ዋት፣ ቮልትና አምፔር ይመለከታል። ለጠርዝ ሥራና ለፎርማይካ ከ500 እስከ 700 ዋት ያህል የሚወስድ መሣሪያ ይበቃል፤ ወፍራም በርና ትልቅ ቅርጽ ለሚሠራ ግን ትልቁን ዓይነት መምከር ይገባል።

ሁለተኛ፤ ቮልቱ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው መሣሪያ ለ120 ቮልት፣ በጃፓን አገር ውስጥ የሚሸጠው ለ100 ቮልት የተሠራ ነው። አንዳንድ ሻጭ «ሞተሩ በ50ም በ60ም ኸርዝ ይሠራል» ብሎ ገዢውን ያረጋጋዋል። ይህ አባባል ካርቦን ላላቸው ሞተሮች እውነት ነው፤ ነገር ግን የኸርዙ መስማማት የቮልቱን አለመስማማት አያድንም። ለ120 ቮልት የተሠራ ሞተር በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር መጨመር ይቻላል ቢባልም፣ ተጨማሪው ዋጋና ክብደት በርካሽ የተገዛውን ዕቃ ውድ ያደርገዋል። ደግሞም በሱቅ ለሚሸጥ ዕቃ ይህ መፍትሔ አይደለም፤ ገዢው ትራንስፎርመሩን አንድ ቀን ረስቶ በቀጥታ ቢሰካው መሣሪያው ያን ጊዜውኑ ይበላሻልና።

ሦስተኛ፤ ኮሌቱ። የፑንታውን ግንድ ጨብጦ የሚይዘው የብረት ክፍል ኮሌት ይባላል። ከሁሉ ይበልጥ ብዙ ስሕተት የሚደርሰው በዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የትንሹ ራውተር ኮሌት ሩብ ኢንች፣ ማለት 6.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአውሮፓ ገበያ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። በሩብ ኢንችና በ6 ሚሊ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት 0.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ በዓይን አይለይም፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው።

አንድ አስመጪ 6 ሚሊ ሜትር ኮሌት ያላቸውን 40 መሣሪያዎች ከአንድ አገር፣ ሩብ ኢንች ግንድ ያላቸውን 400 ፑንታዎች ደግሞ ዋጋቸው ረክሶ ስላገኛቸው ከሌላ አገር አዘዘ እንበል። ዕቃው ሲደርስ ከ400ው ፑንታ አንዱ እንኳ ወደ ኮሌቱ አይገባም። በፑንታው ላይ የዋለው ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል። ይህም ቢሆን ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ነው። ነገሩ ተገልብጦ 6 ሚሊ ሜትር ግንድ ያለው ፑንታ በሩብ ኢንች ኮሌት ቢገባ ግን እጅግ የከፋ ይሆናል። ዳዶው ሲጠብቅ የያዘው ይመስላል፤ በደቂቃ 30,000 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ 500 ጊዜ ሲዞር ግን ተንሸራትቶ ሊወጣና ሠራተኛውን ሊያቆስል ይችላል። ስለዚህ መሣሪያውና ፑንታው ሁልጊዜ በአንድ ልክ መታዘዝ አለባቸው፤ በሱቅም ውስጥ የ6፣ የ8 ሚሊ ሜትርና የሩብ ኢንች ፑንታዎች በተለያየ ሣጥን ተቀምጠው ልካቸው በጉልህ ሊጻፍባቸው ይገባል።

አራተኛ፤ ፍጥነቱ። አንዳንዱ መሣሪያ ፍጥነቱ አንድ ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ በመዘውር ይቀነሳል፣ ይጨመራል፤ ለምሳሌ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ዙር የሚደርስ አለ። የዚህ ጥቅም በሒሳብ ይታያል። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፑንታ በ30,000 ዙር ሲዞር የስለቱ ጠርዝ በሰከንድ 9.4 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ግን በዚያው ዙር 39 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ፑንታው ሲሰፋ ዙሩ መቀነስ አለበት፤ ካልተቀነሰ እንጨቱ ይጠቁራል፣ መሣሪያውም ይንቀጠቀጣል። ፎርማይካ ብቻ ለሚከረክም ደንበኛ ባለ አንድ ፍጥነቱ ይበቃዋል። የዋንዛ የቤት ዕቃ ለሚሠራ፣ ልዩ ልዩ ቅርጽ ለሚያወጣ ሰው ግን ፍጥነቱ የሚለዋወጠው ይሻለዋል።

አምስተኛ፤ መቀመጫው። ቋሚ መቀመጫ ያለው መሣሪያ ጥልቀቱ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ለጠርዝ ሥራ ይውላል። ወደ ታች የሚጠልቅ መቀመጫ ያለው ደግሞ ፑንታውን ከጣውላው መካከል አስገብቶ ጉድጓድ ለመቆፈር ያገለግላል። ሞተሩ ከአንዱ መቀመጫ ወጥቶ በሌላው የሚገባ ከሆነ፣ ባለ ሱቁ መሣሪያውን ከቋሚው መቀመጫ ጋር ሸጦ ሁለተኛውን ደንበኛው ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ሊሸጥለት ይችላል። ይህም ለሁለቱም ወገን የሚመች ንግድ ነው።

ስድስተኛ፤ የፑንታው ዓይነት። ከብረት የተሠራው ፑንታ በዋጋ ይረክሳል፤ በጥሬ እንጨትም ላይ በደንብ ይቆርጣል። ነገር ግን ቺፑድና ኤምዲኤፍ በሙጫ ተጋግረው የተሠሩ ስለ ሆኑ ስለቱን ፈጥነው ያደንዙታል። ለእነዚህና ለፎርማይካ ጫፉ ካርባይድ የሆነው ፑንታ መቅረብ አለበት። ጠርዝ ለመከርከም የሚሆነው ፑንታ በጫፉ ትንሽ ኩሽኔታ ስላለው፣ ኩሽኔታው በነፃ መዞሩን በጣት መሞከር ያሻል፤ ከያዘ ግን እንጨቱን እያቃጠለ ይሄዳል።

ሰባተኛ፤ መለዋወጫው። ካርቦን የሚያልቅ ነገር ነው፤ ኮሌትም ይደክማል፤ የመቀመጫው ሳህንም ይሰበራል። እነዚህ የማይገኙለት መሣሪያ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ ካርቦኑ ባለቀ ቀን ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማናቸውም ትእዛዝ ከመሣሪያው ጋር ካርቦን፣ ኮሌት፣ ዳዶና መፍቻ ቁልፍ የሚጨመርበት መሆን አለበት። አምራቹም ለመለዋወጫዎቹ ቁጥር ያለው ዝርዝር እንዲልክ መጠየቅ ይገባል።

ስምንተኛ፤ በባትሪ የሚሠራው። መብራት በሚጠፋበት ሰዓትና ገና መስመር ባልገባለት ሕንፃ ውስጥ ለሚሠራ አናጢ የባትሪው ዓይነት ይመቻል። ነገር ግን የሊቲየም ባትሪ በማጓጓዣ ሕግ አደገኛ ጭነት ነው። ለብቻው የተላከው በቁጥር «UN3480»፣ ከመሣሪያ ጋር የታሸገው «UN3481» ተብሎ ይመዘገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ ተከልክሏል። በአየር ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴ ይህን አስቀድሞ ከአጓጓዡ ጋር ካልተነጋገረበት፣ መሣሪያው ደርሶ ባትሪው ወደ ኋላ ሊቀርበት ይችላል።

ናሙና ሲደርስ ምርመራው በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ሊደረግ ይችላል። በመጀመሪያ ስፒናው ሳይሰካ ኮሌቱ በጣት ይነቃነቃል፤ ወደ ጎን የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ደካማ ነው። ቀጥሎ ጥልቀቱ ተስተካክሎ ከተቆለፈ በኋላ ሞተሩ ወደ ታች ይገፋል፤ ከተንሸራተተ ቦዩ በሥራ ላይ ጥልቀቱን ይለውጣል። ከዚያም የብረት ማስመሪያ በመቀመጫው ላይ አጋድሞ ወለሉ ቀጥ ያለ መሆኑ ይታያል። በመጨረሻ ያለ ፑንታ፣ ከዝቅተኛው ፍጥነት ተነሥቶ እስከ ከፍተኛው ድረስ ይሞከራል። ድምፁ አንድ ዓይነት ሳይሆን የሚቆራረጥ ወይም ከካርቦኑ በኩል ብዙ ብልጭታ የሚያሳይ ዕቃ መቀበል አይገባም።

ሽያጩ ሲፈጸም ለገዢው ሊነገሩት የሚገቡ ጥቂት ቃላት አሉ። ፑንታ ከመለወጥ በፊት ስፒናው ይነቀል። የፑንታው ግንድ እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተስቦ ይጥበቅ። ቦይ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ጥልቀት አይቆረጥ፤ 9 ሚሊ ሜትር የሚያስፈልገው ሰው ሦስት ጊዜ ይመላለስ። የጣውላውን የውጭ ጠርዝ ዙሪያውን የሚሠራ ሰው መሣሪያውን ከሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ተቃራኒ ይግፋ፤ ፑንታው ከላይ ሲያዩት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ስለሚዞር፣ በዚያው አቅጣጫ ቢገፋ መሣሪያው ከእጅ ሊያመልጥ ይሞክራል። የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መሸፈኛና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አይለዩት። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጋር መድቦታልና፣ መሸፈኛውን ከመሣሪያው አጠገብ አስቀምጦ መሸጥ ንግድም ነው፣ ምጽዋትም ነው።

በጠቅላላው፣ የትእዛዝ ደብዳቤው የዕቃውን ሙሉ ስም፣ የሚወስደውን ዋት፣ 220 ቮልት መሆኑን፣ የኮሌቱን ልክ በሚሊ ሜትር፣ የፍጥነቱን ወሰን፣ የመቀመጫውን ዓይነትና የመለዋወጫውን ብዛት ለይቶ ከዘረዘረ፣ አብዛኛው ክርክር ገና ሳይነሣ ይቀራል። ብዙ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ከማስመጣት ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ብቻ መርጦ፣ ፑንታቸውንና መለዋወጫቸውን አሟልቶ መያዝ ይሻላል። «ካርቦን አለህ ወይ?» ብሎ የመጣ አናጢ አለ ተብሎ ከተሸኘ፣ ሁለተኛውን መሣሪያ የሚገዛው ከዚያው ሱቅ ነው፤ የለም የተባለው ግን ሌላ ሱቅ ይለምዳል፤ ጓደኞቹንም ወደዚያው ይመራል።